ፈረሶቹ ምን ያስታውሱናል? የአንድ ዓመታዊ የመታሰቢያ ግልቢያ ታሪክ

ባለፈው ጥር ወር የወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናታችን አልቆ ልንበተን ስንል አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጁን አወጣ። «ጥር 25 ከተማው ላይ የፈረስ ጉግስ አለ። የክፍሌ ልጆች አብረን እንይ ብለውኛል። ብሄድ ነውር አለው?» ሲል ጠየቀ።

ጥያቄው ቤቱን ለሁለት ከፈለው። አንዱ ወንድም «ቀኑ የመርቆሬዎስ በዓል ነው፤ እኛን አይመለከተንም» አለ። ሌላው «ፈረስ ሲሮጥ ማየት ምኑ ነው ኃጢአቱ?» ብሎ መለሰ። ክርክሩ ሲሞቅ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እህት «ቆዩ እስቲ፤ መጀመሪያ ይሄ ግልቢያ ከየት እንደመጣና ለምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አለ?» አለች። ሁላችንም ዝም አልን። የጥናቱ መሪ እኔ ነበርሁ፤ ዝም ካሉትም አንዱ እኔ ነበርሁ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ዝምታ ነው። ተወልደን ባደግንበት አገር በየዓመቱ የሚደረገውን ነገር ሳናውቅ «እንሂድ» ወይም «አንሂድ» ብንል ሁለቱም ጭፍን ይሆናል። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት ታሪኩን አብረን እንመልከት። ከደብረ ታቦር ተነሥተን ወደ እንጅባራ እንሄዳለን፤ በዓመት አንድ ቀን በሺህ የሚቆጠሩ ፈረሰኞች ለመታሰቢያ የሚወጡት እዚያ ነውና። ከዚያ ወደ ጥያቄያችን እንመለሳለን።

ደብረ ታቦርና ፈረስ

ደብረ ታቦርን የቆረቆሯት ራስ ጉግሣ መርሶ ናቸው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነበር። ያ ዘመን ዘመነ መሳፍንት ይባላል። ንጉሡ ጎንደር ላይ በስም ተቀምጦ ሳለ የአገሩን ልጓም ይዘው የነበሩት የየጁ ራሶች ነበሩ፤ ራስ ጉግሣም ከእነርሱ አንዱ ናቸው። የየጁዎቹ ዋና ኃይል ፈረሰኛ ነበር። አገሩም ለዚህ የተመቸ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ሥር የተዘረጋው ደጋ ገብስና ሣር አያጣም። ለጥ ያለው ሜዳም ለግልቢያ የተሠራ ይመስላል።

በ1834 ዓ.ም. በዚችው ከተማ አጠገብ ትልቅ ውጊያ ተደረገ። የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከራስ አሊ ጋር ተዋጉ። ውቤ ብዙ ጠመንጃ ስለነበራቸው ድሉ የእርሳቸው ሆነ፤ ራስ አሊም ሸሹ። ነገር ግን ውቤ ድንኳናቸው ውስጥ ድላቸውን ሲያከብሩ ሳሉ የአሊ ወገኖች በድንገት ደርሰው ማረኳቸው። አሸናፊ የነበረው ሰው ቀኑ ሳይመሽ ምርኮኛ ሆነ። ምሳሌ 21፥31ን የሚያነብ የደብረ ታቦር ልጅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ፈረስን ማዘጋጀትና ድልን ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የከተማው ታሪክ ራሱ ያስረዳዋል።

ራስ አሊ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በካሣ ኃይሉ ተሸነፉ፤ የየጁዎች ዘመንም በዚያ አበቃ። ካሣ በ1847 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ፤ በፈረሳቸው ስም ግን «አባ ታጠቅ» ይባሉ ነበር። በፈረስ ስም መጠራት የዘመኑ ወግ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ «አባ በዝብዝ»፣ አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ መኰንን «አባ ቃኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ» ይባሉ ነበር። ዛሬ እነዚህን ስሞች በትምህርት ቤትና በመንገድ ላይ ስናነባቸው የሰው ስም ይመስሉናል። መነሻቸው ግን ፈረሱ ነው። ጌታውን ተሸክሞ ከሞት ፊት የቆመው እንስሳ ስሙን ለጌታው ሰጠው።

በዚያው በቴዎድሮስ ዘመን፣ ከደብረ ታቦር ብዙም በማይርቀው በጋፋት፣ እኛን ወንጌላውያንን በቀጥታ የሚመለከት ታሪክ ተሠርቷል። በስዊዘርላንድ ከሚገኘው የቅዱስ ክሪሾና ትምህርት ቤት የተላኩ የእጅ ባለሙያ የወንጌል መልእክተኞች እዚያ ይኖሩ ነበር። የመጡት መጽሐፍ ቅዱስን ለማዳረስና ሙያ እየሠሩ ለመመስከር ነው። ንጉሡ ግን የፈለጉት መድፍ ነበር። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውና ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በእነዚህ ሰዎች እጅ ተሠራ። በ1860 ዓ.ም. መንገድ እየተጠረገለት፣ ብዙ ሺህ ሰው እየጎተተው፣ ከደብረ ታቦር ምድር እስከ መቅደላ ተጓዘ። ሰባኪዎቹ መድፍ ሠሪ ሆኑ ማለት ነው። ይህን የማነሣው እነርሱን ለመውቀስ አይደለም። በዚህ ተራራ ላይ የተሠራው ታሪክ የሌላ ሰው ብቻ እንዳልሆነ፣ የእኛም አባቶች ደስታና ኀፍረት የተቀላቀለበት እንደሆነ ለማስታወስ ነው። ሌላም ነገር ያሳየናል፤ ከሴባስቶፖል ጀምሮ ብረት የፈረስን ቦታ መውሰድ ጀምሮ ነበር።

ከዓድዋ እስከ ማይጨው

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የሆነውን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል። በጄኔራል ባራቲዬሪ የሚመራው ከ17 ሺህ በላይ የሆነው የጣልያን ጦር በአፄ ምኒልክ ጦር ድል ሆነ። ጄኔራል አሪሞንዲና ጄኔራል ዳቦርሚዳ ሞቱ፤ ጄኔራል አልቤርቶኔ ተማረከ። ከእኛም ወገን ፊታውራሪ ገበየሁን የመሰሉ ጀግኖች ወደቁ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦራቸውን ይዘው ዘምተው ነበር፤ በግዛታቸው ውስጥ የነበረው የአገው ምድር ሰውም ከዚያው ጦር ጋር ነበር።

በዚህ ድል ውስጥ ብዙ ጊዜ የምንዘለው ፈረሱንና በቅሎውን ነው። ከዓድዋ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አገሪቱ «ክፉ ቀን» የተባለውን ረኃብ አሳልፋ ነበር። የከብት በሽታ ገብቶ የእርሻውን በሬ ፈጀው፤ ገበሬው ጥማድ አጥቶ ማሳው ጦም አደረ። ያ በሽታ ግን ላምና በሬን እንጂ ፈረስን አይገድልም። ከክፉ ቀን የተረፈው ፈረስ ነው እንግዲህ ከየአገሩ ተነሥቶ ተራራና ገደል አቋርጦ ዓድዋ የደረሰው። ስንቅ ተሸከመ፣ መልእክተኛ አደረሰ፣ የሸሸውን ጠላት አሳደደ። ብዙውም እዚያው ቀረ። ለሞተው ሰው ተዝካር ይወጣለታል፤ ለሞተው ፈረስ ግን ማን ያስታውሳል?

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ መጋቢት 22 መጣ።

የመጀመሪያው መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ መቀመጫቸው ይህችው ደብረ ታቦር ነበረች። የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፣ የንግሥት ዘውዲቱም ባል የነበሩ ሰው ናቸው። ከአልጋ ወራሹ ከንጉሥ ተፈሪ ጋር ተጣልተው ጦር አነሡና አንቺም ላይ ተዋጉ። በዚያ ውጊያ በኢትዮጵያ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ የጦር አውሮፕላን ታየ። መጀመሪያ ወረቀት በተነ፤ ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ከበጌምድር የወጣው ፈረሰኛ ከሰማይ የሚመጣ ነገር አይቶ አያውቅም። ጦሩ ተፈታ፤ ራስ ጉግሣም በሜዳው ወደቁ። ንግሥት ዘውዲቱም ሁለት ቀን ቆይተው ዐረፉ። የእኛ አገር ቅድመ አያቶች ልጆቻቸውን የቀበሩበት ይህ ውጊያ የወንድማማቾች ውጊያ ስለነበር ብዙ አይወራም።

ሁለተኛው መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ማይጨው ላይ የኢትዮጵያ ጦር የመጨረሻውን ትልቅ ውጊያ ከጣልያን ጋር አደረገ። ከዓድዋ እስከ ማይጨው 40 ዓመት ነው። በ40 ዓመት ውስጥ ጠላት አውሮፕላን፣ ታንክና የመርዝ ጋዝ ይዞ ተመለሰ። ጀግንነት አልጎደለም፤ ነገር ግን ፈረስ በመርዝ ጋዝ ላይ አይጋልብም። ጦሩ ተሸነፈ፣ አዲስ አበባ ተያዘች፣ አምስቱ የመከራ ዓመታትም ጀመሩ።

ይሁን እንጂ ፈረስ አላበቃለትም። አርበኛው ጫካና ተራራ ሲገባ መኪና የማይደርስበትን መንገድ ያወቀለት ያው ፈረስና በቅሎው ነበር። በጎጃምና በበጌምድር ጠላት ከተማውን ቢይዝም ገጠሩን ሊገዛ አልቻለም።

ሰባቱ ቤቶችና ማኅበራቸው

አሁን ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር እንውረድና ከባሕር ዳር ደግሞ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በአዲስ አበባው መንገድ እንጓዝ። እንጅባራ እንደርሳለን። የአዊ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። አገሩ ደጋ ነው፤ ዝናቡ ብዙ፣ ሣሩ ለምለም ነው። ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ የዘንገና ሐይቅ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ሕዝቡ አማርኛም አዊኛም ይናገራል።

የአዊ ሰው ራሱን «ሰባት ቤት አገው» ብሎ ይጠራል። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው ሰባት ወንድማማቾች ከላስታ በኩል መጥተው በየአቅጣጫው ሰፈሩ፤ የየአንዳንዳቸውም ስም የአገር ስም ሆኖ ቀረ። እነርሱም አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ቋቁራ፣ መተከልና ዚገም ናቸው። የአሥራ ሁለቱን የያዕቆብ ልጆች ታሪክ ለሚያውቅ ወጣት ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ወንድማማቾች አገር ይሆናሉ፤ አገሩም ወንድማማችነቱን እንዳይረሳ የሚያገናኘው ነገር ይፈልጋል።

ለሰባት ቤት አገው የሚያገናኛቸው አንዱ ነገር ፈረስ ነው። በሌላው የአገራችን ክፍል እርሻ የበሬ ሥራ ሲሆን በአዊ ግን ፈረስም ያርሳል። ሁለት ፈረሶች ተጠምደው የገብስና የድንች ማሳ ሲያርሱ ማየት የተለመደ ነው። ፈረሱ እህል ይጭናል፣ ሙሽራ ያመጣል፣ ለቀስተኛ ያደርሳል። ከቤቱ ፈረስ የሌለው ገበሬ እጁ እንደጎደለ ይቆጠራል።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። ዓመቱን ልብ በሉ። ጣልያን ከአገር የወጣው በ1933 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት የካቲት ወር አካባቢ የጣልያን ጦር ዳንግላንና እንጅባራን እየለቀቀ አፈገፈገ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በጎጃም በኩል አልፈው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ማኅበሩ ሲመሠረት እንግዲህ ጠላት ገና አገር ውስጥ ነበር። የማኅበሩ ዓላማ ደግሞ በዓድዋና በአርበኝነቱ ዘመን የተዋጉትን አባቶችና አብረዋቸው የወደቁትን ፈረሶች ማሰብ ነው። ድል ከተገኘ በኋላ ድልን ማክበር ቀላል ነው። እነዚህ ሰዎች ግን መከራው ሳያልፍ አባቶቻቸው አንድ ጊዜ ነጻ እንደወጡ ለልጆቻቸው መንገር ጀመሩ።

ማኅበሩ ከመታሰቢያነቱ ሌላ እንደ እድርም ነው። አባላቱ በኅዘንና በደስታ ይረዳዳሉ፤ ቤቱ የፈረሰበትን፣ ሰው የሞተበትን ያግዛሉ፤ የተጣላውን ሽማግሌ ተቀምጦ ያስታርቃል። አባል ሲሞት ጓደኞቹ ፈረሶቻቸውን ይዘው ለቀብር ይወጣሉ። ዛሬ አባላቱ ከ50 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል። በ2012 ዓ.ም. 80ኛ ዓመቱን፣ በ2016 ዓ.ም. 84ኛ ዓመቱን አክብሯል። አስቡት፤ ንጉሣዊው መንግሥት ወድቋል፣ ደርግ መጥቶ ሄዷል፣ ሕገ መንግሥት ተለውጧል። ማኅበሩ ግን ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ እዚህ ደርሷል።

ጥር 23 በእንጅባራ

በዓሉ የሚከበረው ጥር 23 ነው። ቀኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ዓድዋም በ23 ስለሆነና የጊዮርጊስ ታቦት አብሮ ዘምቶ ስለነበር በሕዝቡ ልብ ውስጥ ሁለቱ ተያይዘዋል።

ከቀናት በፊት ጀምሮ በየቤቱ ሥራ አለ። ፈረሱ ከእርሻና ከጭነት ያርፋል፤ ገብስ ይቀርብለታል፤ ገላው ይታጠባል። ዳማው፣ ቦራው፣ መጋላው፣ ነጩ አምባላይ እያንዳንዱ እንደ መልኩ ይሸለማል። ኮርቻው ይወለወላል፣ ልጓሙ ይጠበቃል፣ በቀለም ክር ያጌጠው ግላስ ይወጣል። በበዓሉ ቀን ፈረሰኛው ከየወረዳው ተሰልፎ ወደ ሜዳው ይገባል። ሽማግሌ አለ፣ ጎልማሳ አለ፣ እግሩ እርካብ በቅጡ የማይደርስ ልጅም አለ።

ግልቢያው ዓይነት ዓይነት አለው። ሶምሶማ የፈረሱን ለስላሳ እርምጃና የጋላቢውን አቀማመጥ የሚያሳይ ነው። ሽምጥ ሙሉ ፍጥነት ነው፤ ማን ቀድሞ እንደደረሰ የሚታይበት እርሱ ነው። ጉግስ ደግሞ የጦር ሜዳው ጨዋታ ነው። ፈረሰኛው በሁለት ወገን ይከፈላል። አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል። አሳዳጁ ዘንግ ይወረውራል፤ ተሳዳጁ ወደ ኋላው ዞሮ በጋሻው ይመክታል። ከዚያ ተራው ይለወጣል፤ ያሳደደው ይሳደዳል። ስለቱ የወጣለት ጦር፣ ደም የሌለበት ውጊያ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ የተሳደደውና ያሳደደው አብረው ይበላሉ።

ከጨዋታው መካከል ፉከራና ቀረርቶ ይሰማል። ሽማግሌዎች ዓድዋን፣ የአምስቱን ዓመት መከራ፣ የወደቁትን ሰዎችና ፈረሶች ያነሣሉ። ልጆችም «ይሄ ለምን ይደረጋል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልስም ያገኛሉ። በዓሉ በዓለም ቅርስነት በዩኔስኮ እንዲመዘገብ ጥረት ሲደረግ መቆየቱም የሚታወቅ ነው። በማግሥቱ ግን ያ ያጌጠ ፈረስ ግላሱን አውልቆ ወደ ማሳው ይመለሳል።

በሁለተኛው ቀን፣ ጥር 25፣ በእኛው ደብረ ታቦር የመርቆሬዎስ ጉግስ ይደረጋል። ሥዕሉን ያየ ሰው እንደሚያውቀው ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ፣ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ላይ ነው የሚሣሉት። የእኛው ጉግስ እንደ እንጅባራው በአባልነትና በመዝገብ የታሰረ የመታሰቢያ ማኅበር የወለደው አይደለም፤ የበዓል ጨዋታ ነው። ነገር ግን ሜዳው ላይ የሚታየው ያው የአንድ ዘመን ትዝታ ነው። የራስ ጉግሣን፣ የራስ አሊን፣ የአባ ታጠቅን ፈረሰኛ ያየው አገር እግሩን ከእርካቡ አላወጣም።

ሌላውም ዓለም ያስታውሳል

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ እንዳይመስለን። በአሜሪካ በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ በጦርነት የሞቱ ወታደሮች የሚታሰቡበት ቀን አለ። በዚያው ሰሞን ሻርሎት በምትባል ከተማ 600 ማይል፣ ወደ 965 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሚፈጅ የመኪና ውድድር ይደረጋል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በቅርብ ዓመታት ተወዳዳሪዎቹ በመኪናቸው የፊት መስታወት ላይ የአንድ የሞተ ወታደር ስም ጽፈው ይሮጣሉ።

የዚያ ዓይነት ውድድር አመጣጥም የሚያስገርም ነው። የሚወዳደሩት ከፋብሪካ የወጡ የመንገድ መኪናዎችን የሚመስሉ ናቸው። ከቀደሙት ሾፌሮች አንዳንዶቹ በተራራው መንገድ ሕገ ወጥ መጠጥ ጭነው ከፖሊስ ለማምለጥ መኪናቸውን ያፈጠኑ ሰዎች ነበሩ። ለማምለጫ የተሠራው መኪና ለጨዋታ ዋለ፤ ጨዋታውም ውሎ አድሮ የሙታን መታሰቢያ ሆነ። የእኛ ፈረስም እንዲሁ ነው። ለጦርነት ተገራ፤ አውሮፕላን ከጦር ሜዳ ሲያስወጣው ወደ መታሰቢያ ሜዳ ገባ። ከአንቺም እስከ ማኅበሩ ምሥረታ 10 ዓመት ብቻ ነው። ሰው መሣሪያው ሲያረጅበት ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ልጁን ያስተምርበታል። አገዎች ሁለተኛውን መረጡ።

እንግዲህ እኛስ?

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ። ሦስት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ ማስታወስ የእግዚአብሔር ሕዝብ ሥራ ነው። በኢያሱ 4 ላይ እስራኤል ዮርዳኖስን ሲሻገር ድንጋዮች ተሰብስበው እንዲቆሙ የታዘዘው ለምን ነበር? ልጆች አይተው እንዲጠይቁና አባቶች እንዲመልሱ ነው። ድንጋዩ አይመለክም፤ ጥያቄ ያስነሣል። የእንጅባራው ፈረስም ልጅ እንዲጠይቅ ያደርጋል። እኛ ወንጌላውያን ብዙ ጊዜ «አሮጌው አለፈ» እያልን የአያቶቻችንንም ታሪክ አብረን ጥለናል። ልጆቻችን ስለ ሩቅ አገር ሰባኪዎች ያውቃሉ፤ ስለ አንቺም ግን አያውቁም። ይህ ጉድለት ነው፤ የእኔም ጉድለት ነው።

ሁለተኛ፣ እምነታችንን አንደብቅም። በዓሎቹ ከታቦትና ከቅዱሳን መታሰቢያ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ በዚህ ላይ ያለን ልዩነት የታወቀ ነው። በዚያ ክፍል የማንሳተፍ መሆናችንን በትሕትና መናገር እንችላለን። ነገር ግን ጎረቤቶቻችን ለዚች አገር የሞቱትን ሲያከብሩ ፊታችንን ማዞር አይገባንም። የሞቱት ለእኛም ነውና። ሜዳው ዳር ቆሞ ማየት ለአንዱ ኅሊና ቀላል፣ ለሌላው ከባድ ሊሆን ይችላል። ሮሜ 14 ለእንዲህ ያለው ጉዳይ የተጻፈ ይመስለኛል። የሄደው ያልሄደውን «ጠባብ» አይበለው፤ ያልሄደውም የሄደውን «ለዘብተኛ» አይበለው።

ሦስተኛ፣ ምን እንደምናስታውስ እንጠንቀቅ። ፉከራ ደም ያሞቃል። ዓድዋን ማስታወስ ደግ ነው፤ አንቺምንስ? በአንቺም ላይ የገደለውም የሞተውም ኢትዮጵያዊ ነበር። የጀግንነትን ታሪክ ብቻ የሚያስታውስ ትውልድ ወንድሙን ለመግደል ሲጠራም «አቤት» ሊል ይችላል። የጉግሱ ውበት እዚህ ላይ ነው። ጦሩ ስለት የለውም፣ ተሳዳጁ ይተርፋል፣ ማታ አብሮ ይበላል። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ወደ ማረሻ ስለሚለወጥበት ቀን ተናግሯል። የዓድዋን ፈረስ ልጅ የገብስ ማሳ ሲያርስ ያየ ሰው የዚያን ቀን ጥላ ያየ ይመስለኛል። ዘካርያስም በመጽሐፉ መጨረሻ የፈረሶች ቃጭል እንኳ ለእግዚአብሔር የተለየ እንደሚሆን አይቷል። ፈረስ ለጦርነት ብቻ የተፈጠረ አይደለም ማለት ነው። እኛም እንዲሁ ነን።

በሚቀጥለው ሳምንት ጥናት ይህን ሁሉ ለወጣቶቹ ነገርኋቸው። አንዱ ሄደ፣ ሌላው ቀረ፤ አልተጣሉም። አንድ የቤት ሥራ ግን ለሁሉም ሰጠሁ። እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ በዕድሜ ትልቁን ሰው ስለ ፈረስ ጠይቁ አልኋቸው።

ያ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አያቱን ጠየቀ። «እምዬ፣ በእኛ ቤት ፈረስ የነበረው ሰው አለ እንዴ?» አላቸው። አያቱ ሽንኩርት መክተፉን አቆሙ። «አባቴ ነበረው እንጂ። ዳምጠው ይባል ነበር ፈረሱ። አባቴን ከዘመቻ አምጥቶ ደጃፍ ላይ አድርሶት፣ እሱ በሦስተኛው ቀን ሞተ። አባቴ እንደ ሰው አለቀሰለት ይሉናል። እስከ ዛሬ ድረስ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ልጄ» አሉት።

ልጁ ስሙን ደብተሩ ላይ ጽፎ መጥቶ አሳየን። በዚህ መጽሔት የሚቀጥለው እትም ከመውጣቱ በፊት እናንተም ከየቤታችሁ እንዲህ ያለ አንድ ስም ጠይቃችሁ ጻፉልን። የሚነግሩን ሰዎች አርጅተዋል፤ ጥር ደግሞ ሩቅ አይደለም።